ፓራፋንጎው በሻንጣ ሲመጣ

አክስቴ ኅዳር ላይ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። «ለገና እመጣለሁ። የሚፈቀድልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዱን የሰው አደራ ሞልቶታል። ሌላው ላይ ትንሽ ቦታ አለኝ። ምን ላምጣልሽ?»

ይህን የሚጠየቅ ሰው ጫማ ይላል። ሽቶ ይላል። ደፈር ያለው ስልክ ይላል። እኔ «ፓራፋንጎ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «መኪና ገዛሽ እንዴ?» አለችኝ። ድምጿ ፈክቶ ነበር።

«ኧረ የሳይክል ነው፤ ከጎማው ላይ ሆኖ ጭቃ የሚከላከለው።»

«እ» አለች። በቃ፣ «እ» ብቻ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከዓመት በፊት ብጠየቅ ፓራፋንጎ አልልም ነበር። ከሳር ቤት 4 ኪሎ በሳይክል ሥራ መመላለስ የጀመርኩት በሰኔ 2016 ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ አስፋልቱ ለመኪና ሲዘጋ አንድ ሁለቴ የሰው ሳይክል ተውሼ ነድቼ ነበር። ከዚያ ውጭ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል መንዳት ለኔ የእብድ ሥራ ነበር። የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ በሳር ቤትና ሜክሲኮ መካከል፣ እንደገና ደግሞ ከመስቀል አደባባይ ወደ 4 ኪሎ የሳይክል መስመር ተሠራ። መሃሉን ከሚኒባስ ጋር እየተጋፋሁ እወጣዋለሁ አልኩ። ለታክሲ ሰልፍ የምሰጠው አርባ ደቂቃ አንገሽግሾኝ ነበር።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እዚያ ሳይክል ወሬ አይደለም። ተማሪው፣ አናጢው፣ ዶሮ ገዝታ የምትመለሰው እናት ሁሉም ይነዳል። አባዬ መምህር ነበር፤ እኔን ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጦ፣ የተማሪ ደብተር ክምር ከፊት አስሮ በዘንባባው ሥር ይነዳ ነበር። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት። ከፍታዋም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ከ2,300 በላይ ነን፤ ከመስቀል አደባባይ ወደ 4 ኪሎ ደግሞ ዳገት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሂልተን ጋ ስደርስ ልቤ በጆሮዬ ልትወጣ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ የገዛሁትን ልናዘዝ። ጣት የሌለው ጓንት። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ጠባብ ቁምጣ። የስልክ መያዣ። ፍጥነት የሚቆጥር ሰዓት የሚያህል ስክሪን። ቁምጣውን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልለበስኩትም፤ የሰፈሬን ሰው አውቀዋለሁ። ስክሪኑ ዳገቱ ላይ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር እንደምሄድ ነገረኝ። በእግርም ብሄድ እኮ ከዚያ ብዙ አልርቅም። ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ጥፋቱ የሻጩ አይደለም። ሱቁ የተወዳዳሪዎች ሱቅ ነው። እነሱ ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ቤታቸው ገብተው ይታጠባሉ። እኔ ስደርስ የሒሳብ መዝገብ ከፍቼ እቀመጣለሁ። የኔ ዕቃ ሊያፈጥነኝ አይገባም። ሰው መስዬ እንድደርስ ሊያደርገኝ ነው የሚገባው። ይህን ለመረዳት ሁለት ደመወዝ የሚያህል ብር አጥፍቻለሁ።

የስልክ መያዣው ታሪክ አጭር ነው። ሜክሲኮ መብራት ይዞኝ ቆሜ በቆሎ የሚጠብሱ እናት ከማዶ ጠሩኝ። «የኔ ልጅ፣ ያንን ስልክ በሳህን አቅርበሽላቸዋል እኮ።» ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሄልሜት ላይ ግን አልደራደርም። የምገዛው ውስጡ EN ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር 1078 የሚል ቁጥር ያለበትን ነው፤ የአውሮፓ የሳይክል ሄልሜት መለኪያ ነው። ውስጡ ያለው ፎም አንዴ በኃይል ከተመታ ሥራውን ጨርሷል። ላዩ ደህና ቢመስልም መቀየር ነው። የኔ ችግር ሌላ ነበር፤ ሹሩባ። ትልልቅ ተሠርቶ አናት ላይ ሲጠቀለል ሄልሜቱ ግንባሬ ላይ ሳይወርድ እንደ ቆብ ተንሳፍፎ ይቀራል። እንዲያ ከሆነ ደግሞ እንዳለ አይቆጠርም። አሁን ሠሪዬን «ቀጭን፣ ወደ ኋላ፣ ቋጠሮው ከማጅራት ዝቅ ይበል» እላታለሁ። ከኋላ የሚጠብቀው ጥርስ ያለው ማጥበቂያ ከቋጠሮው በላይ በትክክል ይቀመጣል። ከሥሩ ሳሳ ያለ የሐር ሻሽ ካሰርኩ ፀጉሬም አይሻክርም። ሄልሜት የሚሠሩ ሰዎች የኛን ፀጉር አስበውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከገዛሁት ሁሉ ርካሹ የግንባታ ሠራተኞች የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ ነው። የሥራ ቦታ ደኅንነት ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይገኛል። ለሳይክል ተብሎ የተሠራው አሥር እጥፍ ነበር፤ ልዩነቱ ኪስ ነው። ጉዳቱ አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ አንድ ሰውዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እህት፣ እዚህ ማቆም ይቻላል?» አለኝ። «አይቻልም» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

መብራት ላይ ቆም ልበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ይለቃል። ስለዚህ ትንሽ ከቆየሁ መመለሻዬ ጨለማ ነው፤ በጋም ክረምትም። ኮሪደሩ ላይ ያለው መብራት ሠርግ ቤት ይመስላል፤ እዚያ የሚያስፈልገኝ መታየት ብቻ ነው። ትንሽ ነጭ ከፊት፣ ቀይ ከኋላ። ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኮብልስቶኑ ተነቅሏል፤ የቦይ ክዳን የለም። እዚያ ማየት አለብኝ። ለመታየት መቶ ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በቂ ነው። ጉድጓድ ለማየት የኔ ዓይን ከአራት መቶ በታች አልተስማማውም።

ከዚያ ደግሞ የብርሃኑ ቅርፅ አለ። ተራው የባትሪ መብራት ክብ ብርሃን ይተፋል፤ ግማሹ ሰማይ ላይ፣ ግማሹ ከፊት በሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ። ጀርመኖች ለሳይክል ሳይቀር ሕግ አላቸው፤ ብርሃኑ ከላይ እንደ መኪና መብራት ተቆርጦ ወደ መንገዱ መውረድ አለበት። እንደዚያ ያለውን ከገዛሁ ወዲህ ሰው ዓይኑን ሸፍኖ አይሰድበኝም።

መብራት መጥፋቱስ? በገመድ ብቻ የሚሞላው መብራቴ ሁለት ቀን ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ትርፉ ጌጥ ሆነ። አሁን ባትሪው የሚወጣ ነው የያዝኩት፤ 18650 የሚባለው፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። ስሙ ልኩ ነው፤ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65። ሞልቼ ያስቀመጥኩት አንድ ትርፍ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ይህን ሁሉ ለአባዬ በስልክ ሳስረዳው በትዕግሥት ሰማኝ። ሲያበቃ «ዲናሞ የለውም?» አለኝ።

የሱ ፎኒክስ ሳይክል ዲናሞ ነበራት። ጎማው ጎን ላይ የምትለጠፍ ጠርሙስ መሳይ ነገር። 6 ቮልት፣ 3 ዋት። ማታ ስንመለስ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ ነበር የሚያስተኛኝ። ፈጠን ሲል ይበራል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ ሲቆም ድርግም ይላል። ዛሬ በመንኮራኩሩ እምብርት ውስጥ የሚቀበር ድምፅ የሌለው ዲናሞ አለ፤ ሲቆሙ እንኳ ለጥቂት ደቂቃ የሚያበራ መብራት ይገጠምለታል። ይህን ስነግረው «አየሽ፣ ተመልሰው መጡ» አለ። ባትሪ የሚባለውን ነገር እንደ ፋሽን ነው የሚያየው።

ጎማ። የመጀመሪያው ጎማዬ በግንባታ ምስማር በአንድ ወር አራት ጊዜ ተበሳ። ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ደንበኛው ሆንኩ። አራተኛው ላይ አዲስ ካላማዳሪ፣ ንፋስ የሚይዘውን የውስጡን ላስቲክ፣ ከሱቅ ገዝቼ ወሰድኩለት። ልጁ አገላብጦ አየውና «ይሄ ምንድን ነው፣ መርፌ ነው?» አለኝ። የንፋስ መሙያው አፍ ቀጭን ነበር። ፕሬስታ ይባላል፤ የተወዳዳሪዎች ሳይክል ላይ ያለው ነው። የኛ ጎሚስታዎች መጭመቂያ የሚገጥመው የመኪናውን ወፍራም አፍ ነው፤ ሽሬደር የሚባለውን። የጥፍር ታክል የነሐስ መለወጫ ይሸጣል፤ ቀጭኑ ላይ ጠምዝዞ ወፍራም ማድረግ ይቻላል። አንዱን ከቁልፌ ጋር አንጠልጥያለሁ። ብልህ ከሆናችሁ ግን ከመጀመሪያው ወፍራሙን ግዙ። በመንገዳችሁ ላይ ያለው ጎሚስታ ሁሉ የናንተ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የመኪና መጭመቂያ የሳይክል ጎማን በሰከንዶች ይሞላል። የጎማው ጎን ላይ የንፋሱ ግፊት ከፍተኛው 65 ፒ.ኤስ.አይ ይላል። ጎሚስታውን «50 ይበቃል» አልኩት። እሱ ደግሞ ከአንድ ገልባጭ ሾፌር ጋር እያወራ ነበር። ፓ! ሻይ የሚጠጡት ሁሉ መሬት ተኙ። ብርጭቆ ከፍያለሁ። አሁን እራሴ ትንሽ ትንሽ እየለቀቅኩ እያቆምኩ፣ ጎማውን በጣቴ እየተጫንኩ እያየሁ ነው የምሞላው።

ቦርሳ ደግሞ የምኮራበት ነው። ጀርባ ላይ ቦርሳ አዝሎ ዳገት መውጣት ማለት ቢሮ ሲደርሱ የቦርሳው ቅርፅ ሸሚዝ ላይ በላብ ተስሎ መግባት ነው። መፍትሔው ከኋላ መጫኛው ጎን የሚንጠለጠል ቦርሳ ነው። ስሙ የታወቀው ኦርትሊብ ነው። ሃርትሙት ኦርትሊብ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት እንግሊዝ አገር በሳይክል ሲጓዝ ዝናብ ዕቃውን አበሰበሰበት። በዚያው አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ ሸራው ጭነቱን ደረቅ አድርጎ ይዞታል። ቤቱ ተመልሶ ከዚያው የመኪና ሸራ ቦርሳ ሰፋ። በ1982 እ.ኤ.አ. ድርጅት ሆነ።

ይህን ሳነብ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነው። የመኪና ሸራ እኮ መርካቶ ሞልቷል!

የድንኳንና የመኪና ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ። ሥዕል ስዬ ወሰድኩላቸው። ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ይሄ ለአህያ ነው?» አሉኝ። ለሳይክል ነው አልኳቸው። «ያው ነው» ብለው መለካት ጀመሩ። ማንጠልጠያውን መንጠቆ ከምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት አስቆረጥኩ። ብረቱ መጫኛውን እንዳይፍቀው በአሮጌ ካላማዳሪ ጠቀለልነው። ከፍ ካለው ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይነጥር ከሥር አንድ ላስቲክ ከነመንጠቆው። አፉ ሦስት ጊዜ ታጥፎ ይዘጋል። አረንጓዴ ነው፤ የሲኖትራክ ሸራ ቁራጭ።

ከጀርመኑ ጋር እኩል ነው አልልም። የነሱ መጋጠሚያ ዛሬ በሙቀት የተያያዘ ነው፤ የኔ ስፌት ነው። መርፌ ባለፈበት ውሃም ያልፋል። ስለዚህ ላፕቶፑና ወረቀቱ በፌስታል ተጠቅልለው ይገባሉ። ተረከዝ ያለው ጫማዬ፣ ምሳ ዕቃዬ፣ ሻሼም እዚያው ናቸው። ሲደርሱ ተነቅሎ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል።

ቁልፍ ላይ ብዙ አላወራም። ቀጭን ሽቦ በመቀስ ይቆረጣል፤ ወፍራም የዩ ቅርፅ ያለው ብረት ግዙ። ያለ መፍቻ በእጅ የሚፈታ መቀመጫ ካላችሁ በብሎን አስቀይሩት። እኔ እስከዛ ድረስ መቀመጫዬን ነቅዬ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀምጥ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሳይክሉን በየትኛው በር እንደሚያስገቡት ጨነቃቸው። በመኪና በር ስገባ «የተሽከርካሪ ፈቃድ» አሉኝ። በሰው በር ስገባ «ተሽከርካሪ አይገባም» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ከተነጋገርን በኋላ ጋሼ ራሳቸው ከጄኔሬተሩ አጠገብ ጥግ ሰጡኝ። አሁን ዝናብ ሲመጣ መቀመጫውን ፌስታል የሚያለብሱት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ፓራፋንጎው።

የ2016 ክረምት አስተማረኝ። ከላይ የሚወርደው ዝናብ እኮ ቀላል ነው፤ ጃኬት ያቆመዋል። ለእግሬ ኮንጎ ጫማ አደረግሁ፤ ውሃ ቢገባበት ይወጣል፣ ያኔ ዋጋው ከሦስት መቶ ብር በታች ነበር፣ ጭቃውም በቧንቧ ታጥቦ ያበቃል። ያቃተኝ ከታች የሚመጣው ነው። የኋላው ጎማ የአስፋልቱን ጥቁር ውሃ አንስቶ ቀጥ አድርጎ ጀርባዬ ላይ ይረጨዋል። ከወገብ እስከ ማጅራት አንድ መስመር፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። የፊተኛው ደግሞ አፌ ውስጥ። ቢሮ ስገባ አንዱ ባልደረባዬ «ዛሬ ደግሞ ማን ጎትቶሽ መጣ?» ይለኛል። በፌስታል ሞከርኩ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞከርኩ። ሱቆቹ የሚሸጧት መቀመጫ ሥር የምትሰካ ምላስ የምታህል ነገር አለች፤ እሷ ለፎቶ ናት። የጠፋብኝ ጎማውን ግማሽ ክብ አድርጎ የሚሸፍነው ረጅሙ ነው። የባሕር ዳር ሳይክሎች ሁሉ ያላቸው፤ አባዬም ያለው። አሁን የሚመጡት ሳይክሎች ተራራ መውጫ መስለው እንዲታዩ ሲባል ያንን አውልቀውታል።

አክስቴ ገና ዋዜማ ደረሰች። ከአንደኛው ሻንጣ በጋቢ የተጠቀለለ ጥቁር ቀስት ወጣ። ጎማም አምጥታልኛለች፤ ሽዋልቤ ማራቶን ፕላስ፣ ውስጡ አምስት ሚሊ ሜትር የላስቲክ ንጣፍ ያለው። ከባድ ስለሆነ አንድ ብቻ ነው የተሸከመችው። ከኋላ ገጠምኩት፤ ክብደቴ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ የኋላው አልተበሳም።

ፓራፋንጎው ግን ልኩ አልነበረም። የኔ ጎማ 26 ነው። እሷ ያመጣችው ለ700 ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ መልእክቱ ላይ ስፋቱን ብቻ ጽፌ ዲያሜትሩን ረስቻለሁ። የ26ቱ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ700ው 622። ፓራፋንጎው ጎማዬ ላይ ሲቀመጥ እንደ ታላቅ ወንድም ኮት ሰፋ። አክስቴ ቆማ ታያለች። «ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ ይዤው ዞሬያለሁ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ወደ ጎሚስታው ወሰድኩት። እሱ ልክ የሚባል ነገር አያስጨንቀውም። ጫፉን በመጋዝ ቆረጠ። በሙቅ ውሃ አለስልሶ ጎነበሰው። የሚይዙትን ዘንጎች አሳጠረ። መጨረሻ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የምላስ ቅርፅ ቆርጦ ከፊተኛው ጫፍ በሁለት ብሎን አንጠለጠለው፤ ጭቃው እግሬ ላይ እንዳይደርስ። ይህችን የጎማ ምላስ አሜሪካ ብሄድም አላገኛትም። ከሁሉም የምትሠራው እሷ ናት።

ያለፈው ሐምሌ አንድ ጠዋት ከሳር ቤት ስነሳ ጀምሮ እስከ 4 ኪሎ ያለማቋረጥ ዘነበ። ጃኬቴን አውልቄ ሰቀልኩ። ኮንጎዬን አውልቄ ተረከዜን አደረግሁ። ያ ባልደረባዬ ተነስቶ በዙሪያዬ ዞረ። ጀርባዬን አየ። ሸሚዜ ነጭ ነበር። «በታክሲ ነው የመጣሽው» ብሎ ፈረደ።

ክረምቱ የበላው የፍሬን ጎማዬን ነው። ውሃና አሸዋ ተቀላቅሎ ከ4 ኪሎ ቁልቁል ሲወርዱ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ሦስት ጥንድ ጨርሻለሁ። ባለፈው እሑድ አክስቴ ስትደውል ለዘንድሮው ገና ምን እንደምፈልግ ቶሎ ነገርኳት፤ በዚህኛው ጊዜ ከነልኩ፣ ከነፎቶው።

«ይሄማ ኪሴ ውስጥ ይገባል» አለች። «የከበደኝ የአባትሽ ነው። ዲናሞ አምጪልኝ ብሎኛል።»